ዝናቡ መቼ ጀመረ?

ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ከሰላምታው ቀጥሎ ስለ ምን ይነጋገራሉ? ስለ ሰማይ ነው። «በናንተ በኩል እንዴት ነው፣ ጠብ ብሏል?» ይላል አንዱ። «ኧረ ትናንት ማታ ትንሽ አካፋ፤ መሬቱን እንኳ አላረጠበውም» ይላል ሌላው። ገበያ ላይ፣ ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠበቅ፣ ለቅሶ ቤትም ቢሆን ይኸው ወሬ አይጠፋም። አንዳንድ ከተሜ ይህን ሲሰማ የሥራ ፈት ወሬ ይመስለዋል። እህሉን ከገበያ በኪሎ የሚገዛ ሰው እንዲህ ቢያስብ አንፈርድበትም። ዘሩን አፈር ውስጥ ለቀበረ ሰው ግን የደመና ወሬ የጎተራ ወሬ ነው።

በዛሬው ንባባችን ስለ ዝናብ እንጫወታለን። ነገሩን ያነሣሣን አንድ የማታ ክርክር ነው።

በሰሜን ሸዋ ደጋ ከሚገኝ አንድ መንደር በእንግድነት አድረን ነበር። ቀኑ ግንቦት 27 ነው። እራት ተበልቶ ቡናው ቀርቧል። እሳቱን ከበን ስንጫወት አንድ ሽማግሌ፣ «ዓምናኮ ዝናቡ ቶሎ ነው የገባው። ሰኔ በባተ በሦስተኛው ቀን መሬቱ ጨቅይቶ ነበር» አሉ። ከጎናቸው የተቀመጠው ጎልማሳ ግን አልተቀበላቸውም።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዓምና ዝናቡ ዘግይቷል። በሰኔ ሚካኤል ዕለት እንኳ ሰማዩ ጭው ብሎ ነበር። ከንግሥ ስመለስ አቧራ ለብሼ ነው የገባሁት።»

«አንተ ልጅ፣ የካቻምናውን ይሆናል የምታወራው።»

«የለም፣ የዓምናውን ነው። ቀይዋ ላም የወለደች ሰሞን።»

«ላሟማ የወለደችው በግንቦት ነው!» አሉ የቤቱ እመቤት ከጓዳ።

ክርክሩ ከዝናብ ወደ ላም ዞረ። ሁላችንም ሳቅን። ሽማግሌውም ጎልማሳውም ግን ከቃላቸው ንቅንቅ አላሉም። በዚህ ጊዜ እስካሁን ዝም ብለው ሲያዳምጡ የነበሩት አባወራ ተነሡ። እጃቸውን ወደ ቆጡ ሰደዱና አንድ ጭስ የጠገበ ደብተር አወረዱ። እኒህ ሰው ፊደል የቆጠሩት ከአርባ ዓመታቸው በኋላ ነው። ማንበብ ከለመዱ ወዲህ በየቀኑ ማታ ማታ አንድ መስመር ይጽፋሉ። ደብተሩን ወደ ኩራዙ ብርሃን አስጠግተው ጣታቸውን በፊደሉ ሥር እያስኬዱ ቀስ ብለው አነበቡልን፦

«ሰኔ 3፤ ዘነበ። ሰኔ 4፤ ዘነበ፣ ብዙ። ሰኔ 5፤ የለም። ሰኔ 6፤ የለም። ሰኔ 7፤ የለም…»

እንዲህ እያለ «የለም» እስከ ሰኔ 15 ድረስ ወረደ። ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ነው። ከዚያም «ሰኔ 16፤ ዘነበ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ዝናቡ አልተቋረጠም።

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አሉ አባወራው።

ጎልማሳው አልመለሰም። እሳቱን ሲቆሰቁስ ቆየና፣ «ሰኔ 5 ነው የዘራሁት» አለ። ዓምና ገብሱን ሰኔ 5 ቀን ዘርቶ ሳይበቅልለት ቀርቶ ነበር። ዘሩን የሰጠው የአጎቱ ልጅ ነው። «የነቀዘ ዘር ሰጠኸኝ» ብሎት ዓመት ሙሉ ተኮራርፈዋል። ሌላ ሦስት ቁና ዘር ተበድሮ እንደገና ዘራ። ያን ብድር የከፈለው ከልጆቹ ጉርሻ ቀንሶ ነው። አሁን ግን ነገሩ ተገለጠለት። ዘሩ አልነቀዘም ነበር። በሁለቱ ቀን ዝናብ ረጥቦ አፈር ውስጥ አቆጠቆጠ፤ ሥሩ ሳይጠልቅ፣ ቡቃያው ሳይወጣ፣ በዐሥራ አንዱ ቀን ፀሐይ እዚያው ደርቆ ቀረ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሽማግሌው አልዋሹም። ጎልማሳውም አልዋሸም። አንዱ ያስታወሱት የመጀመሪያውን ዝናብ ነው። ሌላው ያስታወሰው ከዚያ በኋላ የመጣውን ድርቀት ነው። የሰው ልብ እንዲህ ነው። ያስደሰተንን ወይም ያስከፋንን ቀን ይይዛል፤ በመካከል ያሉትን ተራ ቀኖች ይጥላቸዋል። ለዘር ደግሞ ወሳኞቹ እነዚያ ተራ ቀኖች ናቸው።

«ዝናብ ጀመረ» ስንል ሁለት ነገር እንቀላቅላለን። ዝናብ መጣሉ አንድ ነገር ነው፤ ዝናብ መግባቱ ሌላ ነው። የአየር ጠባይ ባለሙያዎችም ይህን ይለያሉ። ብዙ ጊዜ የሚሠሩበት አንድ መለኪያ አላቸው። በተከታታይ ሦስት ቀን ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ከጣለ፣ ከዚያም በሚቀጥሉት 30 ቀኖች ውስጥ ከሳምንት አልፎ ወደ ዐሥር ቀን የሚጠጋ ድርቀት ካልመጣ፣ ያኔ «ዝናቡ ገብቷል» ይላሉ። ድርቀቱ ከመጣ የፊተኛው ዝናብ አሳሳች ነበር ማለት ነው። ችግሩ፣ አሳሳች መሆኑ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው። ገበሬው ደግሞ በሬውን ጠምዶ ሠላሳ ቀን ቆሞ ሊጠብቅ አይችልም። ሆኖም በአገሩ እንዲህ ያለ አሳሳች ዝናብ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ቢያውቅ፣ ዘሩን በሙሉ በአንድ ቀን ከመበተን ሊቆጠብ ይችላል። ከፊሉን አስቀድሞ፣ ከፊሉን አቆይቶ ይዘራል። ይህን ለማወቅ ደግሞ የብዙ ዓመት ጽሑፍ ያስፈልጋል።

አሁን «ሚሊ ሜትር» ያልነውን እናብራራ። በማስመሪያ ላይ በሁለት ትናንሽ መስመሮች መካከል ያለችው ክፍተት አንድ ሚሊ ሜትር ናት። ዝናብ የሚለካው በእርሷ ነው። ውሃው ወደ መሬት ሳይሰርግ፣ ወደ ወንዝም ሳይወርድ በወደቀበት ቢቆም ኖሮ ምን ያህል ከፍታ ይኖረው ነበር? ጥያቄው ይኸው ነው። 10 ሚሊ ሜትር ዘነበ ማለት ማሳው ሁሉ የአንዲት ጣት ስፋት እንኳ በማይሞላ ውሃ ተሸፈነ ማለት ነው። ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። እስቲ እናስላው። ርዝመቱ አንድ ሜትር፣ ወርዱም አንድ ሜትር በሆነ መሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። ሩብ ሄክታር 2,500 ካሬ ሜትር ነው። በዚህ መሬት ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 25,000 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ከምንጭ እናምጣው ብንል 1,250 ጀሪካን እንሸከማለን! ሰማይ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚሠራልን ሥራ ይህን ያህል ነው።

መለኪያውን እቤት መሥራት ይቻላል። አንድ የዱቄት ወተት ወይም የቲማቲም ጣሳ ይበቃል። ጣሳው አፉም ወገቡም ታችኛውም እኩል፣ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። አፉ ሰፍቶ ታቹ የጠበበ ዕቃ ያታልላል፤ ትንሹን ዝናብ ብዙ ያስመስላል። ጣሳውን ከመሬት ከፍ አድርጎ በእንጨት ላይ ማሰር ነው፤ አለዚያ ከመሬት የሚፈናጠቀው ውሃ ይገባበታል። ከዛፍና ከቤትም ይራቅ። ዛፉ 5 ሜትር ቁመት ካለው ቢያንስ 10 ሜትር እንራቅ። ዶሮና ጥጃ እንዳይገለብጡትም ማጠር ይሻላል፤ ይህን የሚነግረን ሳይንስ ሳይሆን ኑሮ ነው። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ማስመሪያ ጣሳው ውስጥ አቁሞ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ውሃውን መድፋት። በቃ ይኸው ነው። በአገራችን ያሉ የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎችም የሚያነቡት በዚሁ በ3 ሰዓት ነው። የቆየ ውሃ በፀሐይ ስለሚተን ዛሬን ለነገ ማሳደር አይገባም።

ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። በሩቅ ምሥራቅ በኮሪያ አገር፣ ሴጆንግ በተባለ ንጉሥ ዘመን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1441 እና በ1442 የዝናብ መለኪያ ተሠርቶ ወደየአውራጃው ተላከ። መለኪያው የብረት ዕቃ ነበር፤ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሹማምንቱ ምን ያህል እንደዘነበ ጽፈው እንዲያሳውቁ ታዘዙ። ዛሬ ከ580 ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚያ ዘመን የብረት ዕቃ ማሠራት የቤተ መንግሥት ሥራ ነበር። ዛሬ ግን ባዶ ጣሳ ልጆች እየረገጡ የሚጫወቱበት ዕቃ ነው።

ለመጻፍ ደግሞ የእኛ የቀን አቆጣጠር ይመቻል። ወሮቻችን ዐሥራ ሁለቱም እኩል 30 ቀን ናቸው። አንድ ገጽ ላይ ሠላሳ መስመር ካሰመርን አንድ ወር አለቀ። ጳጉሜን ብቻ ትንሽ ቦታ ትፈልጋለች፤ አምስት፣ በየአራት ዓመቱም ስድስት መስመር። በሩፋኤል ዕለት ጳጉሜን 3 ቀን ልጆች በዝናቡ ሊጠመቁ ወደ ውጭ ሲሮጡ ጣሳዋንም ማየት አይከፋም።

አባቶች «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይላሉ። እውነት ነውን? ያን ማታ ይህም ተነሥቶ ነበር። ለሰሜኑ አገር ብዙ አልተሳሳቱም። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። በሰሜን ሸዋ፣ በወሎ፣ በትግራይ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ዝናቡ እየቀነሰ ሄዶ በመስከረም ይወጣል። ይህ አባባል ኢሉባቦር ቢወለድ ኖሮ ግን ሌላ መልክ በያዘ ነበር። እዚያ መስከረምም ጥቅምትም ይዘንባል። ቦረና ላይ ደግሞ ነገሩ ጨርሶ ይገለበጣል። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ትንሹ በመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር ይደርሳል። ሐምሌና ነሐሴ ደረቅ ናቸው። «ክረምት ነው» ብለን ካቦርታ ደርበን ቦረና ብንወርድ ይስቁብናል። የመጠኑም ልዩነት እንዲሁ ሰፊ ነው። በደቡብ ምዕራብ ደጋዎች በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ያህል የሚጥልበት ቦታ አለ። በአፋር ቆላ 200 የማይሞላበት ዓመት ብዙ ነው። የጎረቤት አገር ምክር ለራሳችን ማሳ ላይሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ሸንተረር ተሻግሮ እንኳ ዝናቡ ይለያያል።

ደብተሩ ወደ ቆጡ ከተመለሰ በኋላ ጥያቄ በጥያቄ ላይ መጣ። የአባወራው ልጅ፣ የዐሥር ዓመት ልጅ ይሆናል፣ «ተራራ ለፀሐይ ይቀርባል፤ ታዲያ ለምን ይበርዳል?» አለን። ጥሩ ጥያቄ ነው። አየር የሚሞቀው በአብዛኛው ከታች፣ ከመሬት ነው። ፀሐይ መሬትን ታሞቃለች፤ መሬትም እንደ ምጣድ ሆኖ አየሩን ያሞቀዋል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ያህል ላይ። ልዩነቱ 1,500 ሜትር ነው፤ ይህም ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ጋቢ ለብሶ ከደብረ ብርሃን የተነሣ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጋቢውን የሚያወልቀው ለዚህ ነው። ቁልቁል እስከ ዳሎል ብንወርድ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ እንገባለን። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1966 እዚያ በተመዘገበው መሠረት የዓመቱ ሙቀት አማካይ፣ ሌሊቱም ክረምቱም ተቆጥሮ፣ ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። ሰው በሚኖርበት ቦታ ከተመዘገበው ሁሉ የበለጠ ነው።

እመቤቲቱ ያነሡት ግን ከዚህ ይልቅ የሚያስጨንቃቸውን ነው። «ከወንዙ ዳር ያለውን ባቄላችንን በየዓመቱ ውርጭ ይመታዋል፤ ከፍ ብሎ ተዳፋቱ ላይ ያለውን ግን አይነካውም። ከፍ ያለው አይደል እንዴ መብረድ ያለበት?» አሉ። ለልጁ የሰጠነውን መልስ በራሳችን ላይ አዞሩብን። ነገሩ እንዲህ ነው። ደመና ለመሬት ጋቢዋ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ጸጥ ብሎ ሲያድር መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ወደ ላይ ትለቀዋለች። መሬቱን የነካው አየርም ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው። እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ ወርዶም ረባዳው ላይ ይተኛል። ስለዚህ ጸጥ ባለ ሌሊት ረባዳው ከተዳፋቱ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ውርጭ የሚፈራ አዝመራ ተዳፋቱ ላይ ይሻለዋል፤ ረባዳው ላይ ደግሞ ቶሎ የሚደርስ ወይም ብርድ የሚችል ዘር መዝራት ነው። እመቤቲቱ፣ «እኔማ ቦታው የተረገመ ይመስለኝ ነበር» አሉ።

የመጀመሪያው ዝናብ ደረቅ መሬት ሲነካ ስለሚወጣው ሽታም ተነሣ። በአፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን አሉ። ሽታውን በአብዛኛው የሚያወጡት እነርሱ ናቸው፤ የዝናቡ ጠብታ አፈሩን ሲመታ ሽታው ወደ አየር ይረጫል። የማርያም መቀነትንም የሚመለከት ነገር አለ። ሁልጊዜ የምትታየው ፀሐይን ከኋላችን ስናደርግ ነው። ጠዋት በምዕራብ፣ ከሰዓት በኋላ በምሥራቅ ትወጣለች። ፀሐይ አናታችን ላይ ስትሆን አትታይም። ዝናብና ፀሐይ ሲገናኙ «ጅብ ወለደች» የሚባለውን ግን ማስረዳት አልቻልንም፤ ጅቧን መጠየቅ ነው።

የመብረቁ ነገር ግን ቀልድ የለውም። ብልጭታውን ከአየን በኋላ ቀስ ብለን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን በሰከንድ እንቁጠር። ነጎድጓዱ እስኪሰማ በየሦስት ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስድስት ቆጥረን ከሰማን መብረቁ የወደቀው ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ይህ ሩቅ አይደለም፤ የሚቀጥለው እላያችን ላይ ሊሆን ይችላል። ያኔ ከብት ጠባቂው ልጅ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር መጠለል የለበትም። ረጅም ነገር መብረቅን ይስባል፤ በዛፉ የወረደውም ኃይል ሥሩ ወደ ቆመው ሰው ይዘላል። ቤት መግባት ነው የሚሻለው። ቤት ሩቅ ከሆነ ከኮረብታ ጫፍ መውረድ፣ ከዛፍና ከአጥር ሽቦም መራቅ ነው።

ስለ ደብተሩ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። ደብተር ጠንቋይ አይደለም። ያለፈውን ይነግረናል እንጂ የዘንድሮን ሰኔ አይነግረንም። ክረምታችንን የሚያዛቡ ነገሮች ከመንደራችን ሰማይ እጅግ የራቁ ናቸው። የክረምት ዝናባችንን የሚያመጣው እርጥበት ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖሶች በኩል በነፋስ ተጉዞ ነው የሚደርሰን። ከዚያም ርቆ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ውሃው ከልማዱ በላይ የሚሞቅበት ጊዜ አለ፤ ኤልኒኞ ይባላል። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ክረምት ብዙውን ጊዜ ይዳከማል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የደረሰብን ይኸው ነው። ዝናቡ በሰሜንና በምሥራቅ ክፉኛ ከሽፎ በተከታዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈለገ። እንዲህ ያለውን ከቆጥ ላይ ደብተር አናገኘውም። ለዚህ ሬዲዮ ማዳመጥ ነው። የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት በ1973 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ተቋቁሟል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። ከእያንዳንዱ ወቅት በፊት ዝናቡ ከተለመደው በላይ፣ እንደ ተለመደው ወይም ከተለመደው በታች ሊሆን የሚችልበትን ዕድል ይናገራል። «ከተለመደው በታች» ሲል ግን የማን ልማድ? የሰፊ አገር ልማድ ነው። የእኛ ማሳ ልማድ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ጣሳውና ደብተሩ ነው። ሁለቱን አጋጥሞ ማንበብ ነው።

በማግሥቱ ስንነሣ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ግን አልዘነበም። አባወራው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው እርሳሳቸውን በቢላዋ ቀረጹና «ግንቦት 28፤ የለም። ደመና ብቻ» ብለው ጻፉ። ጎልማሳው በማለዳ መጥቶ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ወደ አጎቱ ልጅ ቤት እየሄደ መሆኑን ነገረን። ጥቂት እንደተራመደ ተመለሰና፣ «ጋሼ፣ ከደብተሩ አንድ ሁለት ገጽ ይቅደዱልኝ እስቲ» አላቸው። ከመካከሉ ሁለት ንጹሕ ገጽ ቀደው ሰጡት።

መልመጃ፦ በግማሽ ሄክታር መሬት ላይ 8 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጣለ። ስንት ሊትር ውሃ ይሆናል? በመንደራችሁ ዓምና ዝናቡ የገባው መቼ ነበር? ሦስት ሰዎችን ለየብቻ ጠይቃችሁ መልሳቸውን ጻፉና አስተያዩት።